ስቲከሩ ተፍቆ ሙጫው ቀረ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እዚ ባህር ዳር የሃይስኩል ታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ጋዜጣችሁን እየገዛሁ ጣና ዳር ጀበና ቡና ምታፈላ ልጅ ጋ ቁጭ ብዬ ነው ማነበው፣ ደብዳቤ ግን ጽፌላችሁ አላውቅም። አሁን ያስጻፈኝ ባለፈው ስለ ጥቁር አሜሪካውያን መሪዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ ነው። ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ጸሐፊው ለፍቶበታል፣ ግን መጨረሻ ላይ ለኛም እንደነሱ ሲናገር ሰው የሚያስነሳ አንድ መሪ ይስጠን ብሎ ሲዘጋው ቅር አለኝ፣ ምክንያቱም ይሄን ጸሎት እኔ ራሴ ስንት ዓመት ጸልዬዋለሁ። ዛሬ አልጸልየውም። ለምን እንደተውኩት ልንገራችሁ፣ ከመሰላችሁ አውጡት።

ከቅርቡ ልጀምር። ኦባማ ያሸነፈ ለት፣ 2001 ዓ.ም ጥቅምት መጨረሻ ላይ ማለት ነው፣ ውጤቱ በኛ ሰዓት ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ ነው የተሰማው፣ እኛ ሰፈር ቲቪ ያለበት ቤት ሁሉ ሲነቃ አድሯል፣ እናቴ አሜሪካ በየት በኩል እንደሆነች እንኳን በቅጡ ሳታውቅ እልልታዋን አቀለጠችው፣ "ያባቱ አገር እኮ ጎረቤታችን ነው፣ የኛው ደም ነው" ትላለች፣ ጎረቤቱም እሷን ተከትሎ እልል። ታናሽ ወንድሜ ያኔ ባጃጅ መንዳት ከጀመረ ገና ወሩ ነው፣ በሳምንቱ የኦባማን ፎቶ ስቲከር ገዝቶ የፊት መስታወቱ ላይ ከላይ በኩል ለጠፈው። ስንት ዓመት አብሮት ዞረ መሰላችሁ፣ ጸሐይ ቀለሙን አነጣው፣ ጥግ ጥጉ ተላጠ፣ ፈገግታው ግን ነበረ።

ሐምሌ 2007 ላይ ሰውዬው ራሱ አዲስ አበባ መጣ። 547 ወንበር ባለው ምክር ቤት አንድ ተቃዋሚ እንኳን ያልገባበት ምርጫ ከተካሄደ ገና ሁለት ወሩ ነበር። እኛ ደሞ አንድ ነገር ይላል ብለን ስንጠብቅ ነበር፣ ብዙም አልጠበቅንም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። እሱ ግን ቤተ መንግሥት ውስጥ ጋዜጠኛ ፊት ቆሞ ያንን መንግሥት በዴሞክራሲ የተመረጠ አለው። በነጋታው አፍሪካ ህብረት ሄዶ ማንም ሰው ዕድሜ ልኩን ፕሬዚዳንት መሆን የለበትም ብሎ ተናገረ፣ ተጨበጨበለት፣ ንግግሩ እውነትም ያምራል፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ወንድሜ ግን የመጀመሪያውን ነበር የሰማው። ያን ማታ ግቢ ውስጥ ባጃጁን አቁሞ በምላጭ ሲፍቀው አገኘሁት፣ ምንም አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። በዓመቱ ነሐሴ 1 ቀን 2008 በዚችው ከተማ አስፋልት ላይ ልጆች በጥይት ሲወድቁ ያንን ዓረፍተ ነገር ያስታወስኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።

ስቲከሩ ለቀቀ፣ ሙጫው ግን አልለቀቀም። አቧራ እየያዘ ጠቆረና የሰው ራስ ቅርጽ ይዞ ቀረ። ከዛ ወዲህ እዛችው ቦታ ላይ የስንቱን ሰው ፎቶ ለጥፎ እንደፋቀ ስም አልጠራም፣ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አንባቢውም ያውቀዋል።

በዛ ንዴት ነው ወደኋላ ሄጄ ማንበብ የጀመርኩት፣ እነሱ ጥቁር አሜሪካኖቹ ራሳቸው ይሄን ነገር እንዴት ቻሉት ብዬ። ማርከስ ጋርቬይ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከጃማይካ ተነስቶ እ.ኤ.አ በ1916 ኒውዮርክ የገባ ሰው ነው፣ የጥቁሮች ሰፈር በሆነው ሀርለም መንገድ ዳር ቆሞ ከመናገር ተነስቶ በ1920 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የሚባለውን ትልቁን አዳራሽ በሰው ሞላው። ያቋቋመው የጥቁሮች ማህበር መዝሙር ነበረው፣ መዝሙሩ የሚጀምረው ደሞ በኢትዮጵያ ስም ነው፣ የአባቶቻችን ምድር እያሉ ነው የሚዘምሩልን፣ እኛን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ፣ ስማችንን ከመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች። ይሄን ሳነብ እንባዬ መጥቷል፣ አልደብቃችሁም።

ይሄው ሰው በ1919 ብላክ ስታር ላይን የሚባል የመርከብ ኩባንያ አቋቋመ፣ የጥቁር ሕዝብ የራሱ መርከብ፣ አንድ አክሲዮን 5 ዶላር። ሰው ቤት ልብስ የምታጥበዋ፣ ሊፍት ላይ የሚሠራው፣ ባቡር ላይ የነጭ ሻንጣ የሚሸከመው፣ ሁሉም ከጉርሱ እየቀነሰ ገዛ። በዛ ብር መጀመሪያ የተገዛችው መርከብ ያርማውዝ ትባላለች፣ 165 ሺህ ዶላር ነው የተከፈለባት፣ የተሠራችው ግን በ1887 ነው፣ ጋርቬይ ራሱ በተወለደበት ዓመት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ድንጋይ ከሰል ስታመላልስ የነበረች አሮጌ። ሰዉ ይሄን አላየም፣ ያየው ካፒቴኑ ጥቁር መሆኑን ነው፣ ለሱ ብሎ ወደብ ድረስ ሄዶ አልቅሷል። ከዛ አንዷ ሞተሯ ሲበላሽ አንዷ ስትሰጥም ኩባንያው በ1922 ቆመ፣ ጋርቬይ በፖስታ በማጭበርበር ተከሶ በ1923 አምስት ዓመት ተፈረደበት፣ በ1927 ከአገር ተባረረ። ባለ አምስት ዶላሮቹ እጅ ላይ የቀረው ወረቀቱ ነው።

እዚች ጋ የኛን ነገር ላንሳ። እናቴ ሳጥን ውስጥ ከጋብቻ ሰርተፊኬቷ ጋር አጣጥፋ ያስቀመጠችው የአባይ ግድብ ቦንድ አለ፣ እኔም ከደሞዜ ስንት ጊዜ ተቆርጦብኛል፣ በወዶም በግድም። ግድቡ እግዜር ይመስገን ጳጉሜ 2017 ላይ ተመረቀ፣ አባይ ከዚች ከኛ ከተማ ከጣና ወጥቶ እዛ ሲደርስ መብራት ይሆናል። ስለዚ የኔ እናት ወረቀት ዋጋ አለው። የሀርለሟ ልብስ አጣቢ ግን ያንኑ ዓይነት ወረቀት ሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣ፣ ያንኑ እምነት አምና፣ ምንም ሳታይ ሞተች። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር በጋርቬይ እበሳጫለሁ፣ መቶ ዓመት አልፎትም እበሳጫለሁ።

መንግሥት አላሳደደውም እያልኩ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ማህበሩ ውስጥ ሰላይ አስገብቶበታል። ማርቲን ሉተር ኪንግንም በ1964 ኤፍቢአይ ራስህን አጥፋ የሚል ሀሳብ ያለው ስም የሌለው ደብዳቤ ልኮበታል፣ ይሄ በሰነድ የወጣ ነው። ይሄን ረስቶ መሪዎቹን ብቻ ሚወቅስ ሰው ያጠፋል። ግን ያቺን አሮጌ መርከብ የገዛት ኤፍቢአይ አይደለም። ዱቦይስ የሚባለው የዘመኑ ትልቅ ጥቁር ምሁር የኩባንያው ሂሳብ እንዴት ነው ብሎ ሲጽፍ ከጋርቬይ ያገኘው መልስ ስድብ ነበር፣ ተከታዩም ከሱ ጋር ተሳደበ፣ ሂሳብ የጠየቀ ሁሉ ባንዳ ሆነ። በዛው በ1922 ደሞ አትላንታ ሄዶ ጥቁር ከሚያሳድደው የነጮች ድርጅት ከኩ ክሉክስ ክላን አለቃ ጋር ቁጭ ብሎ ተነጋገረ፣ ያንን ለማን ነው ምታስረዳው? እኛንም ቢሆን አልማረንም፣ ንጉሡ ጣሊያን አሸንፏቸው ወደ እንግሊዝ ሲሰደዱ በመጽሔቱ ላይ ክፉኛ ነው የወረፋቸው። ያኔ እኮ የሀርለም ወጣት ለኢትዮጵያ እዘምታለሁ ብሎ ሲመዘገብ ነበር።

ማልኮም ኤክስን እንደሌሎቹ አላየውም፣ እሱ ራሱ ከተጎዱት ነው። አባቴ የሚለው የጥቁር ሙስሊሞቹ ድርጅት መሪ ኤላይጃ መሐመድ ከገዛ ጸሐፊዎቹ ልጆች መውለዱን ሲያረጋግጥ የሆነውን ሳነብ ሰው በቁሙ ሲፈርስ ያየሁ ነው የመሰለኝ። ዝም ማለት ይችል ነበር። አላለም፣ በ1964 ከድርጅቱ ወጣ፣ በዓመቱ ሚስቱና ልጆቹ ፊት ተገደለ፣ 39 ዓመቱ ነበር።

ስለ ዋሽንግተኑ ከንቲባ ስለ ማሪዮን ባሪ ደሞ የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አክስቴ ዲሲ ከገባች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፣ ሰኞ ሰኞ ትደውላለች፣ ስሙን ካነሳሁባት ስልኩ አይዘጋም። ባሪ ሚሲሲፒ ከደሃ ገበሬ ቤት ተወልዶ ኬሚስትሪ ማስተርሱን የያዘ፣ በ1960 የጥቁር ተማሪዎች እንቅስቃሴ የመጀመሪያው ሊቀመንበር የነበረ ሰው ነው። ከንቲባ ሲሆን ለከተማዋ ወጣቶች የክረምት ሥራ አስጀመረ፣ የአክስቴ ትልቁ ልጅ በ15 ዓመቱ በዛ ፕሮግራም ነው የመጀመሪያ ደሞዙን ያገኘው፣ ቼኩን ይዞ ሲመጣ እንዴት እንደሳመችው እስካሁን ትነግረኛለች። ይሄው ሰው በጥር 1990 ሆቴል ክፍል ውስጥ ክራክ ኮኬይን ሲያጨስ በኤፍቢአይ ካሜራ ተቀረጸ፣ ስድስት ወር ታሰረ፣ በ1994 እንደገና ተመረጠ። አክስቴ ጎረቤቷ የነበሩ አንዲት አሮጊት ጥቁር ሴት ቪዲዮው በቲቪ የወጣ ለት በር ዘግተው እንደዋሉ ነግራኛለች፣ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር ነው ምትለው። ከዛ ምርጫው ሲመጣ ለሱ ነው የመረጡት። "ታዲያ ምን ያርጉ፣ ሌላ ሰው አላሳዩዋቸውማ" አለችኝ አክስቴ። ይሄ ሌላ ሰው አላሳዩዋቸውም የሚለው ቃል ነው እኔ ውስጥ የቀረው።

ሌላ ሰው ነበረ እኮ። ሁሌም ነበረ። እኛ ቤት ድረስ መጥቶ ያለቀውን ልጥራላችሁ።

በ1920ዎቹ ሀርለም ላይ በፓራሹት ቀይ ልብስ ለብሶ ሚዘል ሂዩበርት ጁሊያን የሚባል ሰው ነበር፣ ትሪኒዳድ የተወለደ፣ ዝናው የትና የት፣ ጥቁሩ ንስር ነበር ሚሉት። ንጉሡ በ1930 ለዘውድ በዓላቸው አስመጡት፣ ከበዓሉ በፊት የሚወዷትን አዲሷን አውሮፕላን ይዞ ተነሳና ከሰከሳት፣ ከአገር አስወጡት። በ1935 ደሞ ሌላ ሰው መጣ፣ ጆን ሮቢንሰን፣ ሚሲሲፒ ያደገ፣ ቺካጎ ውስጥ ጥቁር አናስተምርም ያለውን የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገብቶ መጥረጊያ ይዞ ትምህርቱን ከጥግ እየሰማ የተማረ። በጣሊያን ጦርነት ጊዜ መሣሪያ የሌላቸውን አሮጌ አውሮፕላኖች ይዞ በጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላኖች መሀል መልእክትና መድኃኒት ሲያመላልስ ከረመ፣ ቆሰለ፣ ጋዝም ደርሶበታል። ጁሊያን ያኔ ተመልሶ መጥቶ ነበር፣ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ከሮቢንሰን ጋር በቡጢ ተደባደበ፣ ከዛ አሜሪካ ገብቶ ኢትዮጵያን ሲያማ ነበር። ሮቢንሰን ግን ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በ1944 እንደገና መጣና የኛን ልጆች አውሮፕላን መንዳት አስተማረ፣ በ1954 በአውሮፕላን አደጋ እዚሁ ሞተ፣ አዲስ አበባ ነው የተቀበረው። ስሙን ለክፍል ተማሪዎቼ ስጠራላቸው አንድም የሚያውቅ የለም። ማልኮምን ሁሉም ያውቁታል፣ ቲሸርት ላይ አለ።

እና ለጸሐፊው ማለት የምፈልገው፣ ወንድሜ፣ ሚናገር ሰው አጥተን አይደለም፣ እሱንማ ሞልቶናል። በኛ አቆጣጠር በ2010 አካባቢ ተማሪ ይዘን ለእምቦጭ ነቀላ ዘምተን ነበር፣ በአውቶቡስ ወደ ምሥራቁ የጣና ዳርቻ። እምቦጭን ነቅሎ የማያውቅ ሰው አበባውን አይቶ ቀላል ይመስለዋል፣ ሥሩ ውሃ ጠጥቶ ስለሚከብድ አንዱን እቅፍ ወደ ዳር ለማውጣት ወገብህ ይቆረጣል፣ እጅህ ያሳክክሃል፣ ቅጠሉ ሥር ምን እንዳለ አታውቅም። እዛ የአካባቢው ገበሬዎች ወንድም ሴትም ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በባዶ እጅ ይጎትታሉ። ረፋዱ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ከነካሜራው መጣ፣ ቦት ጫማ አድርጎ ውሃው ጫፍ ላይ ቆሞ ንግግር አደረገ፣ እውነቴን ነው ምላችሁ ንግግሩ አንጀት ይበላ ነበር፣ ተማሪዎቼ አለቀሱ፣ እኔም ጉሮሮዬን ያዘኝ። ከዛ መኪናው ውስጥ ገባ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እጃቸውን በቁምጣቸው እያደረቁ "የኔታ፣ ነገስ ማን ይመጣል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ምክንያቱም እኛም በዛው ማታ ተመላሽ ነበርን።

ኤላ ቤከር የምትባል ሴት ነበረች፣ ከኪንግ ጋር የሠራች፣ የድርጅቱን ቢሮ የመራች፣ በ1960 ተማሪዎቹን ሰብስባ የራሳቸውን ማህበር እንዲመሠርቱ ያደረገች፣ ባሪም የመጀመሪያው ሊቀመንበር የሆነው በዛ ማህበር ነው። እሷ በሕይወቷ ስትለው የኖረችው ጠንካራ ሕዝብ ጠንካራ መሪ አያስፈልገውም ነው፣ ኪንግንም የሠራው እንቅስቃሴው ነው እንጂ እሱ አይደለም እንቅስቃሴውን የሠራው ትል ነበር። ይሄን መጀመሪያ ሳነብ ቅናት መሰለኝ። ሞንትጎመሪ የምትባለውን ከተማ የአውቶቡስ አድማ ታሪክ በደንብ ካየሁ በኋላ ግን ልክ እንደነበረች ገባኝ።

ሮዛ ፓርክስ በታኅሣሥ 1955 አውቶቡስ ላይ ወንበሬን ለነጭ አልለቅም ብላ ስትታሰር ኪንግ ገና 26 ዓመቱ ነው፣ ለከተማው እንግዳ። በዛው ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የኮሌጅ አስተማሪ ከአንድ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር ኮሌጅ ውስጥ ገብታ በማባዣ ማሽን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት ስታባዛ አደረች፣ ሰኞ አውቶቡስ አትሳፈሩ የሚል፣ ጠዋት ክፍሏን አስተማረች፣ ከዛ ከተማውን እየዞረች አሳደለች። ማባዣ ማሽን ማለት ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ ፈተና ስናባዛበት ኖረናል፣ ቀለሙ እጅ ላይ ሳምንት ይቆያል። ኪንግ የተመረጠው ከዛ በኋላ ነው፣ እንግዳ ስለሆነ ከማንም ጋር አልተጣላም ተብሎ ጭምር።

እኔ ግን ሀያ ምናምን ዓመት ፈተና ላይ የሞንትጎመሪውን አድማ የመራው ማን ነው ብዬ ስጠይቅ ኖሬያለሁ፣ ኪንግ ያለ አንድ ማርክ ያገኛል። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄውን ቀየርኩት፣ አድማው 381 ቀን ነው የቆየው፣ በነዚህ ቀናት ሰዉ ወደ ሥራ በምን ይሄድ ነበር ብዬ ጠየቅኩ። አብዛኞቹ በእግር፣ በሰው መኪና ተጠራርተው ብለው መለሱ፣ ልክ ነው። አንዷ ተማሪዬ፣ እናቷ መናኸሪያ አካባቢ ምግብ የሚሸጡ ልጅ ናት፣ መልሷን ከጻፈች በኋላ ከታች በትንሹ "ቲቸር፣ ቤንዚኑንስ ማን ነበር የሚገዛው?" ብላ ጽፋ ነበር።

አላውቅም ነበር። ታሪክ አስተማሪ ሆኜ ይሄን አላውቅም ነበር። ፈልጌ ሳገኝ ጆርጂያ ጊልሞር የምትባል ምግብ ሠሪ ናት፣ ጓደኞቿን ሰብስባ ዶሮ እየጠበሰች፣ ኬክ እየጋገረች ይሸጡ ነበር፣ ብሩን ሰብስባ ስብሰባው ላይ ታስረክባለች፣ ከየት የመጣ ነው ሲባሉ ከየትም እንዲሉ የቡድናቸውን ስም ራሱ የትም የሌለ ክበብ ብለውታል፣ የሰጠ ሰው ከሥራው እንዳይባረር። በዛ ብር ነው መኪኖቹ ቤንዚን የቀዱት። ለልጅቷ ማርኳን ጨምሬ ክፍል ውስጥ አነበብኩላቸው።

ስለዚ ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ ያ ጸሐፊ ብዕሩ ጥሩ ነው፣ በሚቀጥለው ስለ ጊልሞርና እዚሁ አፈራችን ውስጥ ስላለው ስለ ጆን ሮቢንሰን ይጻፍልን። ከወጣ አርባ ኮፒ ከኪሴ አባዝቼ ለክፍሌ አድላለሁ፣ ልጅቷም እየጠበቀች ነው።

አክባሪያችሁ
አንድ የታሪክ መምህር፣ ከባህር ዳር